ጠበልና የአእምሮ ሕክምና፦ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የአእምሮ ሕመም ቤት ሲገባ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ሐኪም ቤት የሚደረሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚሉ አይደሉም፤ አብዛኛው ታማሚ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚኖረው። ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ በተቋረጠ ክኒን፣ ከልክ በላይ በተጠጣ ውሃ፣ ጠብቆ በታሰረ እግር። መልሶቹም እዚያ ላይ ያተኩራሉ።

ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል። በሕክምናውም በሃይማኖቱም በኩል የሚከለክል ነገር የለም። የኤች አይ ቪ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጠበል እየመጡ መድኃኒታቸውን ማቆማቸው አሳሳቢ በሆነበት ጊዜ፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ2007 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ነገሩ የተነሳው በኤች አይ ቪ ይሁን እንጂ ለአእምሮ መድኃኒት የማይሠራበት ምክንያት የለም። እዚያው እንጦጦ ላይ የጠበል አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ተቀናጅተው ታማሚዎችን ያገለገሉበት አሠራርም ታይቷል።

በሌላ አገርም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። በጋናና በናይጄሪያ በባህልና በእምነት ሐኪሞች ዘንድ ገብተው የነበሩ የሳይኮሲስ (ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ከእውነታ የሚርቅበት ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕሙማንን የጤና ባለሙያዎች እዚያው ድረስ እየሄዱ ሲያክሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሕመማቸው እንዲህ ካልታከሙት ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። ውጤቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሰውን ከእምነቱ ቦታ ሳያስወጡ ማከም ይቻላል ማለት ነው።

አጥማቂው «መድኃኒቱን ጣሉት» ቢሉንስ?

ሰው በተሰበሰበበት አይከራከሩ፤ ክርክሩ ታማሚውን መሃል ላይ ያስቀረዋል። የንስሐ አባታችሁን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ ለብቻቸው ያነጋግሩ። ከሐኪሙ አጭር ማስታወሻ ያስጽፉና ያሳዩ፤ የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል ይጻፍበት። ብዙ አባቶች ይህን ሲያዩ ይረዳሉ። መድኃኒቱ በታማሚው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በአስታማሚው እጅ ይሁን። ወደ ቅጥሩ ክኒን አይገባም የሚባልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ አስታማሚው ማታ ማታ ከቅጥሩ ውጭ ይስጠው። ይህም ካልተቻለ ሌላ ጠበል ይፈልጉ። አገሩ በጠበል የተሞላ ነው፤ የተቋረጠን ሕክምና መልሶ ማስተካከል ግን ወራት ይፈጃል።

የጠበል፣ የጾምና የመድኃኒት ሰዓት እንዴት ይስተካከላል?

ጠበል ማለዳ በባዶ ሆድ ነው፤ ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የለም። ደግነቱ ለሳይኮሲስ የሚሰጡ ብዙዎቹ መድኃኒቶች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ማታ ቢወሰዱ ይመረጣል። የኦላንዛፒን፣ የክሎርፕሮማዚንና ለድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚሰጠው የአሚትሪፕቲሊን የቀን መጠን ከራት በኋላ በአንድ ጊዜ ሊዋጥ ይችላል፤ ሪስፔሪዶንም በሐኪም ፈቃድ ወደ ማታ ይዛወራል። ፍሉኦክሰቲን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ሊያሳጣ ስለሚችል ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ይሁን። ካርባማዘፒንና ቫልፕሮይክ አሲድ በቀን ሁለቴ የሚወሰዱ ከሆነ፣ አንዱን ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ጠበሉ ከመውረድ በፊት፣ ሌላውን ከምሽቱ 11 ሰዓት መውሰድ ነው። ክኒኑን በጠበሉ ውሃ መዋጥም ምንም ችግር የለውም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ልቡ ያርፋል። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ከጾም ስለምታሰናብት ይህንንም ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው።

አንድ መጠን ከተረሳ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እጥፍ አይወሰድም። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ግን ከ48 ሰዓት በላይ ካቋረጠ በቀድሞው መጠን መልሶ አይጀምር፤ ሐኪሙ ከትንሽ መጠን እንደገና ማስጀመር አለበት።

ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል የደም ግፊቱ ስለሚወርድ ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላል። የጠበል ቦታ ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ክንዱን ይዞ የሚያወርደው ሰው ያስፈልገዋል። ይኸው መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ነጠላ ወይም ባርኔጣ ይልበስ።

ብዙ ጠበል መጠጣት ጉዳት አለው?

አስፈላጊው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። በአንዳንድ ቦታዎች ታማሚው «እስኪያስመልሰው» በሊትር የሚቆጠር ውሃ ይጠጣል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ክፉው እየወጣ እንደሆነ ይታሰባል። ጤነኛ ኩላሊት በሰዓት የሚያስወጣው ውሃ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በአጭር ጊዜ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ከባሰም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል። ካርባማዘፒን በራሱ የደም ጨውን ስለሚቀንስ እሱን የሚወስዱ ሰዎች ቶሎ ይጎዳሉ። ጠበሉ በትንንሽ መጠን፣ በሰዓት ከአንድ ሊትር ሳይበልጥ ይጠጣ።

ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው የሚገጥመው አደጋ ሌላ ነው። ሊቲየም በደም ውስጥ የሚሠራበትና መርዝ የሚሆንበት መጠን ተቀራራቢ ናቸው። የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊኢኩዊቫለንት (የላቦራቶሪ መለኪያ) ያህል ሲሆን ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ይይዘዋል። ስለዚህ መጾም፣ ማስመለስና ተቅማጥ ከተደራረቡ፣ ትናንት ልክ የነበረው ክኒን ዛሬ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ እጅ በጉልህ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ መደንዘዝ ናቸው። እነዚህን ያየ ቤተሰብ «መንፈሱ ሊለቅ ነው» ብሎ አይጠብቅ፤ የዚያን ቀን ሊቲየም አይስጥና በፍጥነት ሆስፒታል ይውሰድ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ከረጅም ሱባኤ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

መርፌ ተወግቶ አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑም ወደ ላይ ተገለበጠ። መንፈሱ ተቆጥቶ ነው?

አይደለም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ በተጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ የአንገት፣ የመንጋጋና የዓይን ጡንቻዎችን ያጨማድዳሉ። አንገት ወደ ጎን ይጎተታል፣ ምላስ ይወጣል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ታማሚው ግን አእምሮው ንቁ ስለሆነ በጣም ይፈራል። መልኩ ጠበል ላይ ሲጮሁ ከሚታዩ ሰዎች ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ቤተሰብ ከሕክምና የሚሸሸው በዚህች ቀን ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ቀላል ነው። ቅርብ ወደሆነው ጤና ተቋም ሄዶ የመርፌውን ስም መናገር ነው። ማርከሻው በመርፌ ከተሰጠ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ይቀይራል ወይም እንደ ትራይሄክሲፈኒዲል (አርቴን) ያለ ክኒን ይጨምራል። ጉሮሮ ተዘግቶ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ደቂቃም ሳያባክኑ ይሂዱ።

እግሩ አላስቀምጥ ብሎት ሲንቆራጠጥ የሚውል ሰው ደግሞ «ባሰበት» ይባላል። ይህም በመድኃኒቱ የሚመጣ እረፍት ማጣት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር።

መድኃኒቱን ትቶ ጠበል ከተጠመቀ ሁለት ወር ሆነው፤ ደህና ነው። ድኗል ማለት ነው?

ጊዜው ገና ነው። ክኒን ሲቆም ሕመሙ በማግስቱ አይመለስም፤ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። እንደ ፍሉፌናዚን ያለ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚሰጥ መርፌ ከሆነማ መድኃኒቱ ራሱ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ብዙ ሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚታየው ሰላም ከየት እንደመጣ ከውጭ መለየት አይቻልም። ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ ቤተሰቡ ከጠበሉ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ስለሚሆን ምክንያቱ ጎረቤት ወይም ምቀኛ ይመስላል።

ከመጀመሪያው የሳይኮሲስ ሕመም በኋላ መድኃኒቱ ምልክቶቹ ከጠፉ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ለድባቴ የሚሰጠው ደግሞ ሰውየው ከተሻለው በኋላ ከዘጠኝ እስከ 12 ወር። ከዚያ ማቆም ከተፈለገ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ፊኖባርቢታል ወይም ለጭንቀት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየ ዲያዜፓም በድንገት ከቆመ ግን የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በዚህ ሰው ይሞታል።

ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ወይስ በሽታ? ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት እንዴት እንለይ?

መለየት አይጠበቅባችሁም። ሐኪሙ የሚያክመው እንቅልፍ ማጣቱን፣ ድምፅ መስማቱን፣ መጠራጠሩን፣ ምግብ መተዉን ነው፤ ምንጩን ቤተሰቡ በፈለገው ስም ቢጠራው ሕክምናውን አያግደውም። ይልቅ አስቸኳይ የሆነውን ለዩ። በቀናት ውስጥ በድንገት የጀመረ መቀባዠር፣ ትኩሳት ያለበት፣ አንገት የገተረበት፣ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ የመጣ ወይም ቀንና ሌሊትን የሚያምታታ ከሆነ መነሻው የአንጎል ወባ፣ ማጅራት ገትር ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሰባት ቀን ሱባኤ ይቅርና አንድ ሌሊትም ረጅም ነው።

አራስ ናት፤ ከወለደች አሥር ቀኗ ነው። እንቅልፍ አጥታ እንግዳ ነገር ታወራለች። ክርስትና ሳይነሳ ከቤት መውጣት የለባትም ይላሉ።

ዛሬውኑ ትውጣ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፤ በሰዓታት ውስጥ መልኩን ይለዋውጣል። ጠዋት ደህና የነበረች እናት ማታ «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» ልትል ትችላለች። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ እናቲቱን ቤት ማቆየት በጤናዋ ጊዜ መልካም ልማድ ነው፤ ያሳርፋታል፣ ይጠብቃታል። በዚህ ሕመም ላይ ግን ሕክምና የሚጀመርባቸውን ቀናት ይበላል። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለውን ልማድ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለሕፃኑም ለእሷም የሚበጀው እሱ ነው። ሕፃኑን ይዛ ብቻዋን አትደር፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር። በደንብ ከታከመች አብዛኛዋ እናት ትድናለች። በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ ስለሚችል ግን ያኔ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ሰንሰለት ካላሰርነው ይጠፋብናል። ምን እናድርግ?

አብዛኛው ቤተሰብ የሚያስረው ከፍቅር ማነስ ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ መኪና እንዳይገጨው፣ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ። ይህን ማወቅ ግን ሰንሰለት የሚያደርሰውን ጉዳት አይቀንስም። ቁርጭምጭሚት ይቆስልና ያመረቅዛል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ተኝቶ የሚውል እግር ደም ይረጋበታል፤ እሳት ቢነሳ የታሰረ ሰው አያመልጥም።

በጣም የተረበሸን ሰው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በማረጋጊያ መርፌ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳርፈዋል። መድኃኒቱ ሳያቋርጥ ከተሰጠ መበሳጨቱና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይለዝባሉ፤ ድምፅ መስማቱና ጥርጣሬው ብዙ ሳምንት ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ መፍታቱን በእርከን ያድርጉት። ከጥቂት ቀናት እንቅልፍ በኋላ በቀን ብርሃን ለአንድ ሰዓት፣ ከሚያምነው ሰው ጋር። ከዚያ ሙሉ ቀን። ከዚያ ሌሊቱን፣ ሰው በሩ አጠገብ እየተኛ። ፊቱ ላይ አይጩኹ፤ ክፉ ቀን ያየበትን ሰው አጠገቡ አያስቀምጡ።

ወደ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ግድ ከሆነ በብረት ሳይሆን በሰፊ ነጠላ፣ ሁለት ጣት እንዲያስገባ አላልቶ፣ አንገት ሳይነኩ፣ በደረቱ ሳያስተኙ፣ በየ15 ደቂቃው የእጁን ሙቀትና ቀለም እያዩ።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ምን እንበል?

ብዙ ሰው ጭንቀቱንና ኀዘኑን የሚናገረው በሰውነቱ ነው፤ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ደረቴን ይወጥረኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»። ይህን ብቻ የሰማ ባለሙያ የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛል፤ በሚቀጥለው ወር የታይፎይድ ምርመራ፣ ከዚያ ራጅ። ሕመሙን በለመዱት ቃል ይንገሩና ሦስት ነገር ይጨምሩ፦ እንቅልፍ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምግብና ሥራ እንዴት እንደተለወጡ፣ ይህ ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነ። ደስታ ማጣትና መከፋት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል።

የሄዱበትን ጠበል፣ የጠጡትን የባህል መድኃኒት፣ ጫትና አረቄ ሁሉ ይናገሩ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬን ያባብሳል፤ ሐኪሙ ካላወቀ የመድኃኒቱን መጠን ያለአግባብ ሊጨምር ይችላል። የሚቆጣ ባለሙያ ቢገጥማችሁ ነገሩን ደብቁ ማለት አይደለም፣ ሌላ ይፈልጉ። ታማሚው ራሱ ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራውና ምን እንዳመጣው እንደሚያስብ መጠየቅ የሥነ አእምሮ ሙያው አካል ነው፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለዚህ ብቻ 16 ጥያቄዎች አሉት።

መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተና ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን ጥቁር አንበሳን፣ ጅማንና ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችን ጨምሮ ሌላም አማራጭ አለ።

ራሱን ሊያጠፋ ያስባል ብለን እንሰጋለን። ብንጠይቀው አናስታውሰውም?

አታስታውሱትም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ሰው ሸክም ይቀልለታል። የጸረ ተባይ መርዝ፣ ገመድና የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይውጣ፤ መድኃኒቱ በሳምንት በሳምንት ተቆጥሮ ይሰጥ፤ ብቻውን አይተው።

የሚጥለውን ሰው መንካት ይጋባል? ክብሪትስ ማሽተት?

በአረፋም በንክኪም አይጋባም፤ ክብሪትም አያቆመውም። ይህ ፍርሃት ሰዎች እሳት ላይ ወድቀው ማንም ሳያነሳቸው እንዲቃጠሉ አድርጓል። ከእሳትና ከውሃ አርቁት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አታስገቡ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል።

ሙስሊሞች ነን፤ ሩቅያ (በታማሚው ላይ ቁርኣን ማስቀራት) እያስደረግን ነው። ረመዳንስ?

ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፤ ሩቅያና መድኃኒት አይጋጩም። በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደው ከኢፍጣር በኋላ፣ ሁለቴ የሚወሰደው በኢፍጣርና በሱሑር ይሆናል፤ በቀን ሦስቴ የሆነውን ግን ሐኪም ሳይቀይረው አትጹሙ። የእንቅልፍ መዛባት ባይፖላር ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሌሊቱን ሙሉ አያምሽ። ሊቲየም የሚወስድ ከጾሙ በፊት ይመርመር። ታማሚ እንዳይጾም ሸሪዓው ራሱ ስለፈቀደ በዚህ መሸማቀቅ አይገባም።

ውጭ አገር ነን። ሐኪሙ ዛርና ጠበል ምን እንደሆነ አያውቅም።

አሜሪካ ከሆናችሁ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን ወይም የደብራችሁን ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ ያፍራል፣ የሰፈር ሰው ፊት ደግሞ ታማሚው ይደብቃል። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» ብላችሁ አስመዝግቡ። አስቸኳይ ሲሆን 988 (ራስን ማጥፋትንና የአእምሮ ቀውስን የሚመለከት የአሜሪካ የስልክ መስመር) ላይ መደወል ይቻላል፤ በአስተርጓሚም ያነጋግራሉ።

እስራኤል ከሆናችሁ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) በኩል ስለሆነ ከቤተሰብ ሐኪሙ ይጀመራል። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው «ረፉአ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራም ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞችን በክሊኒኮች አሰማርቷል፤ ካሉ ጠይቁ። የትም ብትሆኑ «ድምፅ ይሰማኛል» ስትሉ በጸሎት ሰዓት የሚሰማ የሚያጽናና ድምፅ ይሁን ወይም ቀን ከሌሊት የሚሳደብና የሚያዝዝ፣ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ለሐኪሙ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከዓረብ አገር ታማ የተመለሰች እህት ካለቻችሁ፣ ስለ ደረሰባት ነገር በመጀመሪያው ሳምንት አታጨናንቋት፤ ስላልመጣው ገንዘብም አትጠይቋት። መጀመሪያ እንቅልፏና ምግቧ ይስተካከል፣ ጤና ተቋም ትታይ፣ እርግዝናና ኤች አይ ቪ በፈቃዷ ይመርመሩላት። አዲስ አበባ ውስጥ አጋር ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ተመላሽ ሴቶችን ተቀብሎ እንዲያገግሙ የሚረዳ ድርጅት ነው።